32 ቢት ብቻውን ሙዚቃ አይቀዳም፦ መቅጃ ለመግዛት ላሰበ ሙዚቀኛ

ሰሞኑን መቅጃ ልግዛ ብሎ ዩቲዩብ የከፈተ ሙዚቀኛ መጀመሪያ የሚሰማው «32 ቢት ፍሎት» የሚለውን ነው። ገምጋሚው ይለዋል፣ ሻጩም ይለዋል። ጌይን (መቅጃው የሚገባውን ድምፅ የሚያጎላበት መጠን) ማስተካከል ቀረ፣ ቁልፉን ተጫንና ዝፈን ይባላል። ወሬው ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ዙም የሚባለው መቅጃ አምራች ኤፍ6 በሚባለው ሞዴሉ ይዞት ሲመጣ የፊልም ድምፅ ባለሙያዎች ዕቃ ነበር። በ2024 ያው ቴክኖሎጂ መቶ ዶላር ገደማ ወደሚሸጥ፣ ኪስ ውስጥ ወደሚገባ መቅጃ ወረደ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ያለው ሰው በዚህ ቁጥር ብቻ ሲገዛ ነው። በገና የሚደረድር ሰውና ከባንድ ጋር ሳክስፎን የሚነፋ ሰው አንድ ዓይነት መቅጃ ገዝተው ሁለቱም ቅር ይላቸዋል፣ ያውም በተለያየ ምክንያት። እኔ እንደሚገባኝ ሙዚቀኛ መቅጃ መምረጥ ያለበት ከራሱ ድምፅ ተነስቶ ነው። በጣም ቀስ ብዬ ስጫወት ድምፄ ምን ያህል ደካማ ነው? ስጮኽስ? የት ቦታ ነው የምቀዳው? ብቻዬን ነኝ ወይስ አራት ሆነን? የቢቱ ነገር የሚመጣው እነዚህ ከተመለሱ በኋላ ነው።

ያም ሆኖ ቢት ምን እንደሆነ ማወቁ አይከፋም። ቁጥሩ የሚነግረን በፋይሉ ውስጥ በደካማውና በኃይለኛው ድምፅ መካከል ምን ያህል ስፋት እንዳለ ነው። እያንዳንዱ ቢት 6 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል። የሲዲ ደረጃ የሆነው 16 ቢት 96 ዴሲቤል ይሰጣል። 24 ቢት ደግሞ በወረቀት ላይ 144 ይሰጣል። በወረቀት ላይ ያልኩት የመቅጃው ኤሌክትሮኒክስ ራሱ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ስላለው፣ በተግባር 120 አካባቢ የሚደርሰው ጥሩ የሚባለው መሣሪያ ስለሆነ ነው። ይሄ ማለት ጌይኑን በትክክል ላስተካከለ ሰው 24 ቢት ለማንኛውም ሙዚቃ ይበቃዋል። ከፍተኛው ድምፅ ፋይሉ ሊይዝ ከሚችለው ጣሪያ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ላይ እንዲመታ አድርጎ መቅዳት ነው። ከዚያ በኋላ ከፍ ቢያደርገውም የሚያጣው ነገር የለም።

32 ቢት ፍሎት የሚያድነው ይህን ማስተካከያ ላላደረገ ወይም ማድረግ ለማይችል ሰው ነው። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ መቅጃዎች ውስጣቸው ድምፁን ወደ ቁጥር የሚለውጥ ሁለት መቀየሪያ አላቸው፤ አንዱ ለደካማ ድምፅ፣ ሌላው ለኃይለኛ ድምፅ የተሠራ። ሁለቱን አጣምረው አንድ ፋይል ያወጣሉ። ፋይሉ ላይ ሞገዱ ጣሪያውን አልፎ የተቆረጠ ቢመስልም ኮምፒውተር ላይ ዝቅ ሲደረግ ሙሉ ቅርፁ ይመለሳል። ሙዚቀኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሱ ተጫዋች፣ ራሱ ቀጂ ነው። ክራር ይዞ እየዘፈነ መለኪያውን የሚያይበት ዓይን የለውም። በልምምድ ላይ የለካው ድምፅም መድረክ ላይ ከሚያወጣው ሁልጊዜ ያንሳል፤ ሰው ሲሞቅለት ይጮኻል። ለዚህ ሰው 32 ቢት በእውነት እረፍት ነው።

የማያድናቸው ነገሮች ግን አሉ፤ ማስታወቂያዎቹ እነሱን ሲያልፉ ነው የሚያናድደኝ። አንደኛ፣ ማይኩ ራሱ ከአቅሙ በላይ ድምፅ ከመጣበት ድምፁ የሚሰበረው ፋይል ከመሆኑ በፊት ነው። ዙም ኤች1 ኢሴንሻል 32 ቢት ነው፤ ማይኩ የሚችለው ግን 120 ዴሲቤል ድረስ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ኤች1ኤን 24 ቢት ነው፤ ማይኩ የሚችለው ያንኑ 120 ነው። ቢቱ ተለወጠ፣ የማይኩ ጣሪያ ግን እዚያው ነው። በ2014 የወጣው ዙም ኤች5 32 ቢት የለውም፤ ማይኩ ግን እስከ 140 ዴሲቤል ይችላል። ከድራም አጠገብ ቁጭ ብዬ ልቅዳ ካላችሁኝ የድሮውን ኤች5 ይዛችሁ ብትሄዱ እመርጣለሁ። ከበሮም እንደዚሁ ነው። ስልክ ላይ ያለ የዴሲቤል መለኪያ 95 ቢያሳያችሁ አትመኑት፣ እሱ የሚያሳየው አማካዩን ነው። መዳፍ ቆዳው ላይ የሚያርፍበት ቅጽበት ከዚያ በጣም ከፍ ይላል።

ሁለተኛው ሽሽታ ነው። ይሄኛው በእኛ መሣሪያዎች ላይ በደንብ ይታያል።

በገናን እንውሰድ። አሥር ጅማት አለው። ድምፁ ወፍራምና ቀስ ያለ ነው። ያ ዝዝዝ የሚለው ልዩ ድምፁ የሚመጣው በጅማቱና በድልድዩ መካከል ከሚገቡት፣ እንዝራ ከሚባሉት ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ነው። ጅማቱ ሲርገበገብ ቆዳውን እየነካ ያንን ንዝረት ይሰጠዋል። አሁን ይህን በርካሽ መቅጃ ከሁለት ሜትር ርቀት ቅዱት። ድምፁ ደካማ ስለሆነ በኋላ ከፍ ታደርጉታላችሁ። ከፍ ስታደርጉት የማይኩና የፕሪአምፑ (የማይኩን ደካማ ምልክት የሚያጎላው የመቅጃው ክፍል) ሽሽታ አብሮ ይወጣል፤ እሱም የሚያርፈው የእንዝራው ጥራት ባለበት ቦታ ላይ ነው። ጅማቱ ተመትቶ ድምፁ እየሞተ ሲሄድ፣ ሰሚው ትንፋሹን ይዞ የሚያዳምጥበት ያ ጊዜ፣ በሽሽታ ይሸፈናል። 32 ቢት እዚህ ላይ ምንም አይረዳም፤ ሽሽታውንም በ32 ቢት ጥራት ይቀዳዋል። የሚረዳው ጸጥተኛ ማይክና ጸጥተኛ ፕሪአምፕ ነው፣ ከዚያም በላይ መጠጋት።

የፕሪአምፕ ጸጥታ በቁጥር ይገለጻል። በዝርዝሩ ላይ «ኢአይኤን» ተብሎ ይጻፋል፣ ከዜሮ በታች በራቀ ቁጥር የተሻለ ነው። የዙም ኤች5 እና ኤች6 የማይክ መግቢያዎች ወደ 120 ከዜሮ በታች ናቸው። ኤፍ3 የሚባለው ትንሹ መቅጃ 127 ከዜሮ በታች ነው። ሰባት ዴሲቤል ትንሽ ይመስላል። በገና፣ ቀስ ብላ የምትዘፍን ድምፃዊት፣ ወይም ለብቻው የሚነፋ ዋሽንት ላይ ግን በጆሮ ይለያል። ችግሩ ኤፍ3 የራሱ ማይክ የለውም። ሁለት የኤክስኤልአር (ባለ ሦስት እግር የማይክ ኬብል) መግቢያ ብቻ ነው ያለው፤ ማይክ ለብቻው ይገዛለታል። የራሱ ማይክ ካላቸው ውስጥ በጸጥታቸው ጥሩ ስም ያላቸው አሉ፤ ሶኒ በ2013 ያወጣው ፒሲኤም-ዲ100 አንዱ ነው፣ በሁለተኛ እጅ ከተገኘ። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም።

በገና ወይም ከበሮ ስትቀዱ «ሎው ካት» የሚባለውን ቁልፍ አጥፉት። ለንግግር የተሠራ ነው፣ የነፋስና የመኪና ጉርምርምታ ለማውጣት። ከታች ያለውን ድምፅ ሲቆርጥ ግን የበገናውን ሆድም አብሮ ይቆርጠዋል።

ሦስተኛው ክፍሉ ነው። በእኔ ግምት ከመጥፎ ቅጂዎች አብዛኞቹ መጥፎ የሆኑት በመቅጃው ሳይሆን በቦታው ነው። ባዶ ሳሎን፣ ሴራሚክ ወለል፣ ትልቅ መስታወት። ክረምት ላይ ደግሞ የቆርቆሮ ጣሪያ ይጨመራል። ዝናቡ ከመጣ በኋላ የሦስት መቶ ዶላር መቅጃም የመቶ ዶላሩም የሚቀዱት ዝናቡን ነው። ከድምፁ ምንጭ ያላችሁን ርቀት በእጥፍ ስታሳድጉ ቀጥታ የሚመጣው ድምፅ 6 ዴሲቤል ይወርዳል፤ ከግድግዳ ተመልሶ የሚመጣው ግን ብዙም አይወርድም። ስለዚህ በራቃችሁ ቁጥር ማሲንቆው እየራቀ ክፍሉ እየቀረበ ይመጣል። መፍትሔው ብር አይጠይቅም። ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ ልብስ የሞላበት መኝታ ቤት፣ ፍራሽ ግድግዳው ላይ ማስደገፍ። መቅጃውን ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡ፤ ጠረጴዛው ራሱ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅም ከላዩ እየነጠረ ይገባል። አነስተኛ የማይክ ስታንድ ወይም የካሜራ ትራይፖድ ይበቃል። አብዛኞቹ መቅጃዎች ከሥራቸው የትራይፖድ ብሎን መግቢያ አላቸው።

አዝማሪ ላይ የርቀቱ ነገር ለየት ይላል፣ ምክንያቱም ሁለት የድምፅ ምንጭ በአንድ ሰው ላይ ነው ያለው። አፉ ከላይ፣ የማሲንቆው ቆዳ ከታች። መቅጃውን አፉ ፊት ካቆማችሁት ማሲንቆው ይጠፋል። ቆዳው ላይ ካነጣጠራችሁት ደግሞ የቀስቱ ፍግፍግታ ጎልቶ ግጥሙ ይደበዝዛል። ሰም ለበስ ስንኝ ሲያወርድ አንድ ቃል ካመለጠ ወርቁ አመለጠ ማለት ነው። አንድ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ደረቱ ከፍታ ላይ፣ በሁለቱ መካከል ማቆም ብዙ ጊዜ ያስማማቸዋል። ከዚያ በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ አንድ ስንዝር ወደ ላይ፣ አንድ ስንዝር ወደ ታች ማድረግ ነው። ይህን አሥር ደቂቃ የሚወስድ ሥራ የሚተካ መሣሪያ የለም።

ማይኮቹ የተቀመጡበት መንገድም ለውጥ አለው። የዙሞቹ ማይኮች ብዙዎቹ ተጠላልፈው የቆሙ ናቸው፤ ኤክስዋይ ይባላል። ወደ ፊት ለፊታቸው ያዘነብላሉ፣ ከኋላ የሚመጣውን ይቀንሳሉ። አብዛኛው ሰው ዘፈን የሚሰማው በስልክ ድምፅ ማጉያ ነው፣ ሁለቱ ቻናል ወደ አንድ ሲጨመቅ ደግሞ ኤክስዋይ አይበላሽም። ታስካም የሚባለው ሌላ አምራች ዲአር-05ኤክስ ላይ ያሉት ግን ተለያይተው የቆሙ፣ ከሁሉም አቅጣጫ የሚሰሙ ማይኮች ናቸው። ወፍራሙን ድምፅ በተሻለ ይይዛሉ፤ ጥሩ ክፍል ውስጥ ለመዘምራን ኅብረት በጣም ይስማማሉ። መጥፎ ክፍል ውስጥ ግን ጉድለቱን ሁሉ ይለቅሙታል። ታስካም ዲአር-07ኤክስ ላይ ማይኮቹን በእጅ እያዞሩ ተጠላልፈው ወይም ተለያይተው እንዲቆሙ ማድረግ ይቻላል። ብዙ ቦታ ለሚዞር ሙዚቀኛ ይሄ ቀላል የማይባል ጥቅም ነው።

«ስልኬ አይበቃም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ዜማ እንዳይረሳ ለመያዝ ይበቃል። ለማስተላለፍ ለሚሆን ቅጂ ግን ስልክ የተሠራው ለንግግር ነው፤ ድምፅ ሲጨምር ራሱ ያወርዳል፣ ሲቀንስ ራሱ ከፍ ያደርጋል። ቀስ ብሎ ተጀምሮ እያደገ የሚሄድ ትዝታ በስልክ ሲቀዳ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ጉልበት የሚኖረው ለዚህ ነው። ጫጫታ ማጥፊያውም ረዥም የዋሽንት ድምፅን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ሊያወርደው ይችላል። አይፎን ያላችሁ ደግሞ ምንም ሳትገዙ አንድ ነገር አድርጉ፦ በሴቲንግ ውስጥ የቮይስ ሜሞስን ጥራት «ሎስለስ» (ጥራት ሳይቀንስ የሚይዝ) ወደሚለው ቀይሩት።

መጨመቅ ካነሳን፣ ኤምፒ3 ላይ መቅዳት ይቅር። ጸናጽል ያለበት ዝማሬ በአነስተኛ ኤምፒ3 ተቀድቶ ከሰማችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያ የብረት ቅርጭልጭልታ ውኃ ውስጥ እንደገባ ይሆናል። ከበሮውና ጸናጽሉ አብረው ሲመቱ ኤምፒ3ው ለሁለቱ የሚበቃ ቦታ ያጣል፣ የሚጎዳውም ከላይ ያለው ቀጭኑ ድምፅ ነው። ድምፁን ሳይጨምቅ በሚይዘው በዌቭ ፋይል ቅዱ። 48 ኪሎኸርዝ (ድምፁ በሰከንድ 48 ሺህ ጊዜ ይለካል ማለት ነው)፣ 24 ቢት፣ ስቴሪዮ ከሆነ በሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ ነው። 32 ቢት ከሆነ 1.4 ገደማ። የ32 ጊጋ ካርድ በ24 ቢት ሠላሳ ሰዓት ያህል ይይዛል። ቦታ ለመቆጠብ ድምፅ ማበላሸት ድሮ ያበቃ ነገር ነው። 96 ኪሎኸርዝም አያስፈልጋችሁም፣ ፋይሉን በእጥፍ ያሳድጋል እንጂ በስልክ ማጉያ የሚሰማው አድማጭ ጋ የሚደርስ ነገር የለም።

48 ያልኩት ቪዲዮ የሚሠራው በ48 ስለሆነ ነው። አሁን ደግሞ ማሲንቆው አዲስ አበባ ተቀድቶ አቀናባሪው ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ሆኖ መሥራት የተለመደ ነው። ሁላችሁም አንድ ቁጥር ላይ ተስማሙ። በ44.1 የተቀዳ ፋይል እንደ 48 ተቆጥሮ ከተከፈተ ይፈጥናል፣ ድምፁም አንድ ተኩል ሴሚቶን ገደማ ከፍ ይላል። ያኔ ማሲንቆው ከኪቦርዱ ጋር አይገጥምም፤ ሰዎች ደግሞ «ተጫዋቹ ቅኝቱን አበላሸ» ብለው ይደመድማሉ። በቴሌግራም ስትልኩም የድምፅ መልእክት አድርጋችሁ አትላኩ፣ ይጨመቃል። ፋይል ብላችሁ ላኩ፣ እንዳለ ይደርሳል።

አሁን ወደ ባንድ እንምጣ። ሆቴል ወይም አዳራሽ ውስጥ የሚጫወት ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስበው «ከሚክሰሩ ላይ ኬብል ልሰካ» ብሎ ነው። ሚክሰሩ የሚሰጠው ግን ሰዉ የሰማውን አይደለም። በትንሽ አዳራሽ ድራሙና የጊታሩ አምፕ ራሳቸው ስለሚጮኹ ሚክሰሩ ላይ ዝቅ ብለው ነው ያሉት። ድምፃዊው ብቻ ከፍ ብሏል። ያንን ቀድታችሁ ቤት ስትሰሙት ዘፋኙ ጆሮ ሥር ነው፣ ባንዱ ጎረቤት ነው። ጭብጨባውም የለም። በመቅጃው ማይክ ብቻ ከቀዳችሁ ደግሞ ባንዱ ይገኛል፣ ግጥሙ ይጠፋል። ስለዚህ ለመድረክ የሚያስፈልገው አራት ትራክ የሚቀዳ ነው፤ ሁለቱ ከሚክሰሩ፣ ሁለቱ ከራሱ ማይክ፣ በኋላ ቤት ይዋሃዳሉ። ዙም ኤች4 ኢሴንሻል፣ ኤች5፣ ታስካም ዲአር-40ኤክስ ይህን ያደርጋሉ።

እዚህም 32 ቢት የማያድነው ነገር አለ። ከትልቅ ሚክሰር የሚወጣው ምልክት ከማይክ በጣም የበረታ ነው። በትንሹ የ3.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ሲገባ መግቢያው ራሱ ይጨናነቃል። ፋይሉ ላይ ሞገዱ ዝቅ ብሎ ታዩታላችሁ፣ ግን አናቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ዝቅ ብታደርጉት አይመለስም። ሚክሰሩ ላይ ዝቅ ማስደረግ ወይም ምልክቱን የሚያደክም ኬብል መጠቀም ግድ ነው። ባለ 24 ቢት መቅጃ ያላችሁ ደግሞ አትናቁት። ዲአር-40ኤክስ እና ኤች5 ያንኑ ድምፅ ዝቅ ባለ ጌይን ሁለተኛ ቅጂ አድርገው ጎን ለጎን የሚይዙበት ምርጫ አላቸው፤ ዋናው ቢሰበር መጠባበቂያው ይተርፋል። ሜኑ ውስጥ ገብቶ መክፈት ነው።

ስለ ዋጋ። ዙም በ2024 ሦስቱን ኢሴንሻሎች ሲያወጣ ኤች1 መቶ፣ ኤች4 ሁለት መቶ፣ ኤች6 ሦስት መቶ ዶላር አካባቢ ነበሩ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር ባለ ሁለት መቶው በባንክ ሒሳብ 11 ሺህ ብር አካባቢ ይሆን ነበር። ምንዛሪው ለገበያ ሲተው በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፣ ያው ዕቃ ከ20 ሺህ በላይ ሆነ። ከዚያም በኋላ ብሩ መዳከሙን አልተወም። ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሳይጨመር ነው ይሄ። ስለዚህ ሰው ከውጭ ዘመድ ይዞለት እንዲመጣ ይጠብቃል፣ ያ ዘመድ ደግሞ አንዴ ነው የሚመጣው፤ የተሳሳተ ዕቃ መመለስ የለም። ለዚህ ነው ቀድሞ ማወቁ እዚህ ከሌላው ዓለም በላይ የሚያስፈልገው።

ብቻውን ለሚዘፍንና ለሚለማመድ ሰው ኤች1 ኢሴንሻል ወይም ዲአር-05ኤክስፒ ይበቃዋል፤ ሁለቱም 32 ቢት ናቸው። ኢሴንሻሎቹ ሜኑውን በእንግሊዝኛ በድምፅ ያነባሉ፤ ዓይነ ስውር ለሆነ ሙዚቀኛ ያለ ሰው እርዳታ ለመቅዳት ትልቅ ነፃነት ነው፣ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። ከባንድ ጋር ለሚሠራ ከኤች4 ኢሴንሻል በታች አልመክርም። በገና ወይም ደካማ ድምፅ ያለው መሣሪያ ለሚጫወት ግን መቅጃው ላይ ጨርሶ ብሩን ከማውጣት፣ የኤክስኤልአር መግቢያ ያለው መካከለኛ መቅጃ ገዝቶ የተረፈውን አንድ ጥሩ ጸጥተኛ ኮንደንሰር ማይክ ላይ ማዋሉ ይሻላል። ማይክ ዕድሜው ረዥም ነው፣ መቅጃው ቢቀየርም ይከተላችኋል። ኮንደንሰር ማይክ 48 ቮልት ከመቅጃው እንደሚፈልግ ግን አትርሱ፣ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሰዋል።

ባትሪ ካልን፣ ሱቅ ያለው ርካሽ ባትሪ ዋጋ የለውም፤ አልካላይን ወይም የሚሞላ ይሁን። ሜኑው ላይ የባትሪውን ዓይነት ንገሩት፣ አለዚያ ቀሪውን በስህተት ያሳያችኋል። መብራት ሲጠፋ ፓወር ባንክ ይሠራል፤ አንዳንዱ ግን መቅጃው የሚወስደው ጅረት ትንሽ ስለሆነ «ምንም አልተሰካም» ብሎ ራሱን ያጠፋል። ቤት ሞክሩት፣ ሠርግ ላይ አይደለም።

ካርዱም ወጥመድ አለው። ኤች4ኤን ፕሮ እና ኤች1ኤን ከ32 ጊጋ በላይ ካርድ አይቀበሉም፤ ባለ 128 ገዝቶ «መቅጃው ተበላሽቷል» የሚል ሰው አለ። ገበያው ላይ ደግሞ ሐሰተኛ ካርድ ሞልቷል፦ 64 ይላል፣ እውነተኛው 8 ነው፣ ከዚያ በላይ የተቀዳው ይጠፋል። ኤች2ቴስትደብሊው የሚባል ነፃ የዊንዶውስ ፕሮግራም ካርዱን ሞልቶ መልሶ በማንበብ ያጋልጠዋል። ከመጀመሪያው ቅጂ በፊት ይሄ ግድ ነው።

ከሁሉ በላይ ብዙ ቅጂ ያጠፋው ግን አንድ ቀይ መብራት ነው። በኤች4ኤንና በብዙዎቹ ታስካሞች ላይ የመቅጃ ቁልፉን አንዴ ስትጫኑት መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። መለኪያው ይንቀሳቀሳል፣ በጆሮ ማዳመጫው ድምፅ ይሰማል። እየቀዳ ግን አይደለም፤ ድምፅ ለማስተካከል ተጠባባቂ ላይ ነው። ሁለተኛ ሲጫኑት መብራቱ ሳይርገበገብ ይቆማል፣ ሰዓቱም መቁጠር ይጀምራል። ዓይናችሁ መብራቱ ላይ ሳይሆን ሰዓቱ ላይ ይሁን። ቁጥሩ ካልሄደ ቅጂ የለም።

አዝማሪ ቤት ወይም ገጠር ሄዳችሁ የምትቀዱ ከሆነ ተጫዋቹን አስፈቅዱ፣ ቅጂውን የት እንደምታወጡትም ንገሩት። በ1996 ዓ.ም የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ከዋኙ በክወናው ላይ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ፈቃዱን ራሱ መቅጃው ላይ በድምፅ መያዝ ቀላሉ መንገድ ነው። መቅዳቱ ግን ይቀጥል፣ ቶሎ ይቀጥል። ካዛንቺስ ሲፈርስ አብረው የተበተኑትን ቤቶች አስቡ፤ በእነዚያ ምሽቶች ከወረደው ግጥም ውስጥ በወጉ የተቀዳው ስንቱ ነው?

ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን ጆሮ ማዳመጫና ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። ሁለተኛ እጅ ከሆነ በተለይ። ካርዱን አስገቡ፣ ጌይን ያለው ከሆነ እስከ መጨረሻው ክፈቱት፣ ማይኩ ላይ እጃችሁን ሳታሳርፉ አንድ ደቂቃ ዝምታ ቅዱ። ከዚያ ግራና ቀኙን አዳምጡ። ሽሽታው በሁለቱም ጆሮ እኩል መሆን አለበት፤ አንዱ ጆሮ ላይ ብቻ ከበረታ ወይም ከተቆራረጠ ማይኩ ተመትቷል። መሰኪያዎቹ ላይ ኬብል ሰክታችሁ በጣት ወዘወዝ አድርጉት፣ ቋ ቋ ካለ ልቅ ነው። የባትሪ ክዳኑን ክፈቱና ሽቦው ላይ አረንጓዴ ዝገት ካለ እዩ። በመጨረሻ ያንን ፋይል ወደ ስልካችሁ ወይም ወደ ላፕቶፕ ገልብጡት። ሻጩ «ጊዜ የለኝም» ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።